ስለ ብሪታንያ ተራ ሕዝብ የፖለቲካ አነጋገርና የአደባባይ ልማድ

በ1937 ዓ.ም. ቶም ሃሪሰን፣ ቻርልስ ማጅና ሃምፍሪ ጄኒንግስ የተባሉ ሦስት ወጣት እንግሊዛውያን «ማስ ኦብዘርቬሽን» የሚባል የጥናት ማኅበር አቋቋሙ። ከሦስቱ አንዱ ሃሪሰን በደቡብ ፓሲፊክ በሚገኙት በኒው ሄብሪድስ ደሴቶች ከአገሩ ተወላጆች ጋራ ኖሮ ልማዳቸውን የተመለከተ ሰው ነበረ፤ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜም የባዕድ ሕዝብ የሚጠናበት ዘዴ በገዛ ወገኖቹ ላይ እንዲሠራበት ፈለገ። ስለዚህ ማኅበሩ በሰሜን እንግሊዝ ወደምትገኘው የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ወደ ቦልተን ተመልካቾችን ላከ። እነዚህም በመጠጥ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በምርጫ ስብሰባና በመንገድ እየተገኙ ተራው ሰው የሚያደርገውንና የሚናገረውን እንዳዩትና እንደ ሰሙት ይመዘግቡ ጀመር። በ1943 ስለ መጠጥ ቤቶች ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ከዚህ ሥራ ወጣ።

የብሪታንያ ተራ ሰው ስለ ፖለቲካና ስለ አደባባይ ኑሮ ምን ያስባል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ይህ ሥራ ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው። ምክንያቱም ጥያቄውን ለመመለስ አስቀድመው የሚቀርቡት ሁለት ምስክሮች ሁለቱም ያሳስታሉ። ፓርላማና ጋዜጣ የሚያሳዩት በደንብ የታረመውን ቃል ነው፤ ማኅበራዊ መገናኛ የተባለው የስልክ መስኮት ደግሞ የሚያሳየው አብዝቶ የሚጮኸውን ሰው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ይኸውም ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ቆሞ መንግሥቱን የሚያማበት የቆየ ልማድ፣ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ይህ ልማድ ከቀድሞ ቦታው ተነሥቶ ወደ ስልክ በተዛወረ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ከዚህ በታች ይገለጻል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ብሪታንያ ሲባል እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ በአንድነት ቢሆኑም፣ የሚነገረው በአብዛኛው የእንግሊዝን ክፍል የሚመለከት ነው፤ አንድ ስኮትላንዳዊ ቢያነበው በግማሹ ላይ ሳይከራከር አይቀርም።

እንግሊዝ አገር የገባ እንግዳ በመጀመሪያ የሚሰማው ማጉረምረም ነው። ዝናቡ በዛ፣ ባቡሩ ዘገየ፣ ሐኪም ለማየት ሳምንታት ይጠበቃል፣ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ሆነ፣ መንግሥቱም የማይረባ ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ቁጣም ሳይሆን ኀዘንም ሳይሆን፣ እንደ ሰላምታ ይነገራል። የፖለቲከኞች ነገር ሲነሣ ጨዋታው ብዙውን ጊዜ «ሁሉም ያው ናቸው» በሚል ቃል ይዘጋል። የሕዝብን አስተያየት የሚመዝኑ ድርጅቶችም ይህንኑ በቁጥር አግኝተውታል። ኢፕሶስ የተባለው ድርጅት በ2023 ባቀረበው ጥያቄ፣ ነርሶች እውነት ይናገራሉ ያሉት ከመቶ 88 ሲሆኑ፣ ፖለቲከኞች እውነት ይናገራሉ ያሉት 9 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ጥያቄው መቅረብ ከጀመረበት ከ1983 እስከዚያ ጊዜ ከታየው ሁሉ ዝቅተኛው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሕዝቡ በመሪዎቹ ላይ የነበረው እምነት በኛ ዘመን በድንገት ፈረሰ ለማለት የሚቸኩል ብዙ ነው። ነገር ግን በ1944፣ ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረበትና ጦርነቱ ወደ ድል በተቃረበበት ጊዜ፣ ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ፖለቲከኞች የሚሠሩት ለማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመቶ 35ቱ ለራሳቸው ጥቅም ነው ሲሉ መለሱ። ይኸው ጥያቄ በ2014 እንደ ገና ሲቀርብ ቁጥሩ 48 ሆነ። ጭማሪው ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም መነሻው ራሱ ከሦስት ሰው አንድ ያህል ነበረ። በሌላ በኩል አሜሪካውያኑ ሊቃውንት አልመንድና ቨርባ በ1963 ባሳተሙት የአምስት አገሮች ጥናት፣ በአገራቸው የሚኮሩበትን ነገር እንዲናገሩ ከተጠየቁት ብሪታንያውያን መካከል ከመቶ 46ቱ የመንግሥታቸውን ሥርዓት ጠቅሰዋል። ከአሜሪካውያን 85 ያነሰ ቢሆንም፣ በዚያ ጊዜ የጀርመኖቹ ቁጥር 7፣ የኢጣልያኖቹም 3 ብቻ ነበረ። እንግዲህ አንድ ሕዝብ ሹማምንቱን እያማ በሥርዓቱ ይኮራ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት ማጉረምረሙን እንደ ፖለቲካ አቋም ለሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።

በእርግጥም የብሪታንያ ማጉረምረም ከአቋም ይልቅ የመቀራረቢያ መንገድ ነው። በአውቶቡስ ማቆሚያ የተገናኙ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ስም ለመጠያየቅ ያፍራሉ፤ ስለ አየሩና ስለ አውቶቡሱ መዘግየት አብረው ሲያማርሩ ግን ለጥቂት ደቂቃ ወዳጆች ይሆናሉ። ደንቡም ሌላው ሲያማርር መስማማት እንጂ መፍትሔ ማቅረብ አይደለም። አንዱ «ይህ መንግሥት ምንም አይሠራ» ባለ ጊዜ፣ «እንግዲያውስ እስቲ ስብሰባ እንጥራ» የሚል ሰው ቢገኝ ነገሩን እንዳልገባው ይቆጠራል።

የዚህ ልማድ ዋና ቤቱ ፐብ የሚባለው መጠጥ ቤት ነበረ። ፐብ ከኛ ጠላ ቤት ጋራ የሚመሳሰልበት ነገር ብዙ ቢሆንም፣ አንዳንድ ደንቦቹ ለብቻቸው መታየት ይገባቸዋል። አሳላፊ እስከ ገበታ አይመጣም፤ ሁሉም ወደ ባንኮኒው ይሄዳል። በባንኮኒው ፊት ግልጽ ሰልፍ ባይኖርም እያንዳንዱ ከማን ቀጥሎ እንደ መጣ ያውቃል፤ ቀጂውም ያውቃል፤ ተራው ሳይደርስ የተጠየቀ ሰው «እሳቸው ይቀድማሉ» ብሎ ያመለክታል። አብረው የመጡ ጓደኞች በየተራ ለሁሉም ይገዛሉ፤ ተራውን የሸሸ ሰው ለረጅም ጊዜ ይታማል። ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ በፐብ አይወራ የሚል የቆየ ምክር አለ። ምክሩ መደጋገሙ ብቻ እንኳ ሳይወራ እንደማይቀር ያስረዳል፤ ነገር ግን ወሰኑን ያሳያል። የተጋነነ ሲመጣ ባለቤቱ «ይበቃል» ይላል፤ ያልሰማውን ያስወጣዋል፤ ሌላ ጊዜም እንዳይገባ ሊከለክለው ይችላል። በመጨረሻ ደወል ተመትቶ የመዝጊያው ሰዓት ሲነገር ክርክሩ ያልቃል፤ የተባለውም ቃል ከጭሱ ጋራ ይበተናል። (ጭሱ እንኳ በ2007 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ከእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ቀርቷል።)

ሁለተኛው ጠባቂ የአነጋገሩ ስልት ነበረ። ብሪታንያዊ «መጥፎ አይደለም» ሲል እጅግ ጥሩ ነው ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «በታላቅ አክብሮት» ብሎ ሲጀምር ንቀቱን ሊያስከትል ነው፤ «ይህን ሚኒስትር በእጄ በሆነ አንቄ እገድለዋለሁ» ሲል ደግሞ ሌላ ብርጭቆ ሊያዝ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ የኛ ሰምና ወርቅ በቃሉ ውስጥ መሰወሩ ነው፤ የእነርሱ ግን በድምፁና በፊቱ ላይ ነው የሚገኘው። ቃሉ ብቻውን በወረቀት ላይ ቢሰፍር ሰሙ ይቀራል እንጂ ወርቁ አይገኝም። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ ይታወስ።

ማጉረምረሙ ጨዋታ ከሆነ፣ ከባድ ጉዳይ ያለበት ሰው ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ሌላ ቦታ አለ። እያንዳንዱ የሕዝብ እንደራሴ ከለንደን ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመለስ፣ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጦ ባለጉዳይ ያነጋግራል። ይህንንም የሐኪም መመርመሪያ ክፍል በሚጠራበት ቃል «ሰርጀሪ» ይሉታል። ቤት የሚያንጠባጥብበት፣ ጡረታው የተቋረጠበት፣ የሚስቱ የመግቢያ ፈቃድ የዘገየበት ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። የመረጠውም ያልመረጠውም እኩል ይስተናገዳል። «ሁሉም ያው ናቸው» ያለው ሰው ስለ ራሱ እንደራሴ ሲጠየቅ «እርሷስ ለእናቴ ደብዳቤ ጽፋላታለች» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ዘበኛ በሌለበት አዳራሽ፣ በአንዲት ጠረጴዛ ማዶ ለማዶ መቀመጥ የአገሩ የፖለቲካ ኑሮ ትልቁ ጌጥ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የምርጫው ቀንም እንዲሁ ጸጥተኛ ነው። ሁልጊዜ ሐሙስ ይሆናል፤ ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታው አራት ሰዓት በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንድ ቦታም በመጠጥ ቤት ይካሄዳል። መራጩ በክር በታሰረ እርሳስ የመስቀል ምልክት አድርጎ ይወጣል። ሬድዮና ቴሌቪዥን የምርጫው ሣጥን እስኪዘጋ ድረስ በፖለቲካው ጉዳይ ላይ እንዳይከራከሩ ተከልክለዋል። በዚያ ቀን በማኅበራዊ መገናኛ ከሁሉ ይልቅ የሚዘዋወረው በምርጫ ጣቢያ በር ላይ ጌቶቻቸውን የሚጠብቁ ውሾች ፎቶግራፍ መሆኑ የሕዝቡን ጠባይ ያሳያል። ይሁን እንጂ የሚመርጠው ሰው እየቀነሰ ሄዷል፤ በ1950 ከመቶ 83.9 የነበረው በ2024 ወደ 59.7 ወርዷል። ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣት በተደረገው በ2016 ሪፈረንደም ግን 72.2 ደርሶ ነበር፤ 51.9 ለመውጣት፣ 48.1 ለመቆየት ድምፅ ሰጠ። በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ቤተ ሰቦች በፖለቲካ ምክንያት መኮራረፍ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው ብለው የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ይህ ማጉረምረም የለመደ ሕዝብ በእውነት የሚቆጣው መቼ ነው? መልሱ ከወረፋ ጋራ የተያያዘ ነው። ንግሥት ኤልሣቤጥ በመስከረም 2022 ባረፉ ጊዜ፣ አስከሬናቸው በዌስትሚንስተር አዳራሽ በተቀመጠበት አራት ቀን ውስጥ 250 ሺህ ያህል ሰዎች በቴምዝ ወንዝ ዳር ቀንና ሌሊት ተሰልፈው አለፉ። ስመ ጥሩው የእግር ኳስ ተጫዋች ዴቪድ ቤካም ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ከሕዝቡ ጋራ ቆሞ በመጠበቁ ተመሰገነ። ሁለት የታወቁ የቴሌቪዥን አቅራቢዎች ግን በጋዜጠኛ በር ገብተው ወረፋ ዘልለዋል ተብለው ለሳምንታት ተወቀሱ፤ ለሥራ ነው የገባነው ማለታቸው ብዙም አልጠቀማቸውም። ለባዕድ ተመልካች ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለአገሩ ሰው ግን ወረፋ የእኩልነት ሕግ ነው። ማንም ከማንም አይበልጥም፤ የመጣበት ሰዓት ብቻ ይለየዋል።

የፖለቲካው ታላላቅ ቁጣዎች በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ግልጽ ይሆናሉ። በ2009 አንድ ጋዜጣ የፓርላማ አባላት ከመንግሥት ገንዘብ ለግል ቤታቸው ያስወጡትን ወጪ ባተመ ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ አፍ የቀረው ትልቁ ሒሳብ አልነበረም፤ አንድ እንደራሴ በኩሬው ላይ ለሚዋኙ ዳክዬዎች 1,645 ፓውንድ የሚያወጣ ጎጆ እንዲከፈልለት መጠየቁ ነበረ፤ ጥያቄው ተቀባይነት ባያገኝም ዳክዬዎቹ እስከ ዛሬ አልተረሱም። ከዚህ የከበደው በወረርሽኙ ዘመን የሆነው ነው። ሕዝቡ የሚሞት ዘመዱን እንዳይጠይቅ፣ ቀብር ላይም እንዳይሰበሰብ በሕግ በተከለከለበት ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ግብዣ ይደረግ ነበረ። ፖሊስ መርምሮ 126 የቅጣት ወረቀት ሰጠ፤ በሚያዝያ 2022 ከተቀጡት አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ራሳቸው ነበሩ። ሚያዝያ 17 ቀን 2021 የልዑል ፊሊጵስ ቀብር በዊንድሰር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተፈጸመ፤ በ1879 የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረበት ቦታ ይኸው ነው። ንግሥቲቱ በደንቡ መሠረት ከሌሎች ተለይተው ለብቻቸው ተቀምጠው ታዩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ሁለት የስንብት ድግሶች እንደ ነበሩ ኋላ ታወቀ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ከሚለው አባባል ጋራ ላደገ ሰው፣ ከብሪታንያውያን ቁጣ የሚማረው ይህ ነው፤ ደንብ ያወጣ ሰው ከደንቡ በላይ አይደለም፤ ዘውድ የጫነችው እንኳ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከታክስ መጨመር ይልቅ፣ ከጦርነትም ይልቅ፣ ብዙ ሰው ስለዚህች ሌሊት ሲናገር ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ወደ ማኅበራዊ መገናኛው ስንመለስ፣ የመጠጥ ቤቶቹ ቁጥር በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነበረበት 60 ሺህ ያህል ወደ 45 ሺህ ገደማ ሲወርድ፣ ማጉረምረሙ ወደ ፌስቡክ፣ ወደ ዋትስአፕና ኔክስትዶር ወደሚባለው የጎረቤቶች መገናኛ ተዛወረ። በየሰፈሩ ከተቋቋሙት የፌስቡክ ማኅበራት አንዱን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ያንኑ የቆየ ዜማ ነው፤ ቆሻሻ የሚወሰድበት ቀን ተለወጠ፣ ውሻው በመንገድ ያጸዳዳውን ያላነሣው ማን ነው፣ በሌሊት ርችት የሚተኩሰው ማን ነው፣ ከቤቴ ፊት መኪና ያቆመው ማን ነው። ታላቁ ፖለቲካ በመካከሉ የሚገባው እንደ ቅመም ነው።

ልማዱ በዚህ መስኮት በመልካም ገጹ የታየበትም ጊዜ አለ። በየካቲት 2021 የሃንድፎርዝ አጥቢያ ምክር ቤት በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት ያደረገው ስብሰባ ሥዕል በአገሩ ሁሉ ተሰራጨ። አንዲት ተጋባዥ ጸሐፊ፣ ጃኪ ዊቨር፣ የሚጮኸውን ሊቀ መንበር ሥልጣን የለሽም እያላት ከስብሰባው አስወጣችው። ያየው ሁሉ ሣቀ፤ የአጥቢያውን ምክር ቤት ሰዎች እያንዳንዱ በየሰፈሩ ያውቃቸዋልና። እርሷም ለጥቂት ወራት ያገሩ ጀግና ሆነች። በዚያ ስብሰባ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሥልጣን፣ ይኸውም «ይበቃል» ብሎ የማስወጣት ሥልጣን፣ በአንዲት ሴት ጣት ላይ ነበረ።

በሌላው ስፍራ ግን «ይበቃል» የሚል አልተገኘም፤ ወርቁም ከሰሙ ተለየ። በጥር 2010 በበረዶ ምክንያት የተዘጋ አየር ማረፊያ ያናደደው አንድ ወጣት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተከፈተ አፈነዳዋለሁ ብሎ በትዊተር ቀለደ። በመጠጥ ቤት ቢናገረው አንድም ሰው ቀና ብሎ አያየውም ነበር። ጽሑፍ ስለ ሆነ ግን ተያዘ፤ በ2003 በወጣው የመገናኛ ሕግ ተከሶ ተፈረደበት፤ ሥራውንም አጣ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቃሉ ቀልድ እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም ብሎ ፍርዱን የሻረው በሐምሌ 2012፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ክርክሩ በመሠረቱ ስለ አንድ ጥያቄ ነበረ፤ ስልክ መጠጥ ቤት ነው ወይስ ጋዜጣ ነው? የሚጽፈው ሰው በመጠጥ ቤት ያለ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን እንደ አሳታሚ ያየዋል፤ የሚያነበው ደግሞ አንዳንዴ እንደ አዋጅ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ ስለ ማኅበራዊ መገናኛ የሚነሣው ክርክር ሁሉ፣ በ2023 የወጣው የበይነ መረብ ደኅንነት ሕግ እንኳ ሳይቀር፣ የዚህ ጥያቄ ተከታይ ነው።

ጥያቄው የደም ጉዳይ የሆነው በሐምሌ 2024 ነበረ። በሳውዝፖርት ከተማ ሦስት ሕፃናት ሴቶች በአንድ የዳንስ ትምህርት ቦታ በስለት ተገደሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ገዳዩ በጀልባ የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ ነው የሚል ወሬ፣ ከሐሰት ስም ጋራ፣ በማኅበራዊ መገናኛ ተሠራጨ። በእውነቱ ግን ገዳዩ በዌልስ፣ በካርዲፍ ከተማ የተወለደ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ። በማግሥቱ ማታ የተቆጣ ሕዝብ በከተማው መስጊድ ላይ ድንጋይ ወረወረ፤ ከዚያም ብጥብጡ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ፤ በሮዘራምና በታምወርዝ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉባቸው ሆቴሎች ተጠቁ። መንግሥቱ ፈጥኖ ፈረደ፤ ድንጋይ ከወረወሩት ሌላ በጻፉት ቃል ብቻ የታሰሩም ነበሩ። በዚህ ላይ የሕዝቡ አስተያየት ተከፈለ። አንዱ ወገን እሳት ለማቀጣጠል የተጻፈ ቃል ከእሳቱ አይለይም አለ፤ ሌላው በቁጣ ሰዓት ለተጻፈና ለተሠረዘ ቃል እስራት አይገባም አለ። የመጀመሪያው ስልኩን እንደ ጋዜጣ፣ ሁለተኛው እንደ መጠጥ ቤት ማየታቸው ግልጽ ነው። ብጥብጡ በተነሣ በማግሥቱ ጧት ግን የሳውዝፖርት ነዋሪዎች መጥረጊያና ሲሚንቶ ይዘው መጥተው የፈረሰውን የመስጊድ አጥር እንደ ሠሩ መዘንጋት አይገባም። ይህን ያደረጉት ሰዎች ብዙ የሚጽፉት አይደሉም።

ነገሩ የኢትዮጵያን ስም የነካበትም ጊዜ አለ። በ2025 በለንደን አጠገብ በኤፒንግ ከተማ ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ጥገኝነት ጠያቂ በፆታ ጥቃት ተከሶ ተፈረደበት፤ ክሱ በተሰማበት በሐምሌ ወር በሚኖርበት ሆቴል ፊት ተከታታይ ሰልፍ ተደረገ። ወንጀሉ የአንድ ሰው ነበረ፤ ቁጣው ግን በብዙዎች ላይ ወረደ። በነሐሴ ደግሞ በማኅበራዊ መገናኛ በተላለፈ ጥሪ የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል ያለበት የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ በየመንገዱ የመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ከእግር ኳስ ሻምፒዮና ጊዜ በቀር ባንዲራ ማውለብለብ ለብዙ እንግሊዛዊ የሚያሳፍር ነገር ነበረና፣ አንዱ የፍቅር ምልክት ነው ሲል ሌላው የማስፈራሪያ ምልክት ነው አለ። የዓድዋውን ታቦት የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ የዚያው ሰማዕት ባንዲራ በእርሱ ላይ የተሰቀለ መስሎ ሲሰማው ነገሩ እንግዳ ሳይሆንበት አልቀረም።

ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ያ የአዳራሹ ጠረጴዛ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2016 የሕዝብ እንደራሴዋ ጆ ኮክስ በበርስቶል ወደ ባለጉዳዮቿ ቀጠሮ ስትሄድ ተገደለች። ጥቅምት 15 ቀን 2021 ዴቪድ ኤምስ በሊ ኦን ሲ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ባለጉዳይ ሲያነጋግሩ ተገደሉ። የሁለቱ ገዳዮች ዓላማ የተለያየ ነበረ፤ ሁለቱንም ማኅበራዊ መገናኛ ፈጠራቸው ማለትም አይቻልም። ነገር ግን በእንደራሴዎች፣ በተለይም በሴቶቹ ላይ በየቀኑ የሚጻፈው ማስፈራሪያ ከዚያ በኋላ እንደ ቀልድ ሊነበብ አልቻለም። «አንቄ እገድለዋለሁ» የሚለው የመጠጥ ቤት ቃል ድምፁንና ፊቱን አጥቶ በማታ በስልክ ሲደርስ፣ ተቀባዩ የትኛው ቀልድ የትኛው እውነት እንደ ሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ቦታውን አስቀድመው ማስታወቅ ትተዋል፤ በቀጠሮ ብቻ ይቀበላሉ፤ በርም የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። እዚህ ላይ የጠፋው ነገር በቁጥር አይገለጽም።

በስልክ መስኮት ላይ ከቀድሞው ልማድ ጋራ ተስማምቶ የተተከለ አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም አቤቱታ ነው። ለፓርላማ አቤቱታ ማቅረብ የቆየ መብት ነው፤ በ1842 ቻርቲስት የተባሉት ሠራተኞች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያለበት ጥቅል በሰልፍ ይዘው ሄደው ነበር። ከ2015 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የፓርላማው ገጽ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሙንና የመኖሪያውን የፖስታ ቁጥር ሰጥቶ ይፈርማል፤ 10 ሺህ ፊርማ ሲሞላ መንግሥቱ መልስ ይሰጣል፤ 100 ሺህ ሲሞላ ጉዳዩ በፓርላማ እንዲታይ ይታሰብበታል። በአጭሩ ወረፋ ነው፤ የጮኸ አይቀድምበትም። በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቱ ነገር እንዲቀር ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙ፤ አልቀረም።

በመስከረም 2025 መንግሥቱ ዲጂታል መታወቂያ ለማውጣት ማሰቡን ባስታወቀ ጊዜም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተቃውመው ፈረሙ። የቀበሌ መታወቂያ በኪሱ ይዞ ለሚሄድ አንባቢ ይህ ግራ የሚያጋባ ይሆናል። በብሪታንያ ግን በ1939 በጦርነት ምክንያት የወጣው የመታወቂያ ወረቀት ከጦርነቱ በኋላ ሊቀጥል ሲል፣ በ1950 አንድ ባለ መኪና ለፖሊስ አላሳይም ብሎ ተከሰሰ፤ ዳኞቹ በ1951 በሕጉ ቢፈርዱበትም የጦርነት ሕግ በሰላም ጊዜ መጠቀሙን ነቀፉ፤ በ1952ም ወረቀቱ ቀረ። በ2006 እንደ ገና የወጣው የመታወቂያ ሕግ በ2010 ተሻረ። ምንም ጥፋት ሳይኖርብኝ ማን እንደ ሆንሁ ለምን እጠየቃለሁ የሚለው ስሜት ከግራና ከቀኝ ያሉትን በአንድነት የሚያስፈርም ነው። ያው ሰው ግን የልደት ቀኑን፣ የልጆቹን ሥዕልና የሚኖርበትን ሰፈር በፌስቡክ ለዓለም ሁሉ ሲያሳይ አይሰቀቅም። በዚህ ተቃርኖ የሚሣቁ የአገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በመጀመሪያ የተጠቀሰው ማስ ኦብዘርቬሽን በ1981 በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገና ሥራ ጀምሯል። ግንቦት 12 ቀን 1937 ንጉሥ ጊዮርጊስ ስድስተኛ ዘውድ በጫኑ ዕለት ማኅበሩ ተራ ሰዎች የዋሉበትን እንዲጽፉ አድርጎ ነበርና፣ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ በዚያው ቀን ማንም ሰው ውሎውን ጽፎ እንዲልክ ይጠራል። ይህ ጽሑፍ ወዲያው የሚያጨበጭብለት ወይም የሚሰድበው አንባቢ የለውም፤ ለወደፊት ተመራማሪ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። በማኅበራዊ መገናኛ የሚጽፈውና እዚህ የሚጽፈው ሰው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ የማነጻጸሩ ሥራ ለተማሪዎች ክፍት ነው።